አንድ ዓመት ቀድሞ መፈተን፦ የተረፈው ዓመት የት ይገባል?

(በአንድ የጃንዋሪ ቅዳሜ ለንደን ውስጥ ለተሰበሰቡ አበሻ ወላጆች ያደረግሁት ንግግር ነው። ስጽፈው ትንሽ አሳጥሬዋለሁ። መጨረሻ ላይ ከተነሡት ጥያቄዎችም ጥቂቶቹን ጨምሬያለሁ።)

እንደምን ዋላችሁ። ቡናው እስኪፈላ ድረስ ጨርስ ተብያለሁ። ሽታው ከመጣ በኋላ ማንም እንደማይሰማኝ ስለማውቅ በቀጥታ ልግባ።

ከገና በፊት አንዲት እናት ማታ ደወሉልኝ። «መምህር፣ ይቅርታ፣ መሽቷል» አሉ። ልጃቸው ዪር 10 ነው፣ የ14 ወይም የ15 ዓመት ልጅ ማለት ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ በክፍያ ማጠናከሪያ የሚማርበት ቱሽን ቤት ደብዳቤ ልኮላቸዋል። ልጅዎ ጎበዝ ስለሆነ የሒሳብ ጂሲኤስኢን (በዪር 11 መጨረሻ የሚሰጠውን አገር አቀፍ ፈተና) ዘንድሮ ይፈተን፣ ዪር 11ን መጠበቅ አያስፈልገውም ይላል። ከታች ዋጋው ተጽፏል። እናትየው ደስ ብሏቸዋል። ፈርተዋልም። «ያው ደብል እንደ መምታት ነው አይደል?» አሉኝ።

እኔም ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ያቺ ቃል ከጆሮዬ አልወጣችም። ደብል መምታት።

እዚህ ተወልደው ያደጉ ልጆቻችን ይህን ቃል አያውቁትም። እኛ ግን እናውቀዋለን። አገር ቤት ልጅ ሲጎብዝ ክፍል ይዘላል። እኔ ራሴ ደብል የመታሁ ነኝ። ደሴ ነው ያደግሁት። የ4ኛ ክፍልን የመጀመሪያ መንፈቅ እንደጨረስኩ አንድ ቀን አስተማሪያችን እጄን ይዘው 5ኛ ክፍል አስገቡኝ። አባቴ ለሰፈሩ ሁሉ አወራ። እናቴ ድፎ ዳቦ ደፋች። እኔ ደግሞ ጢም ሊያበቅሉ ከደረሱ ልጆች አጠገብ ቁጭ አልኩ።

ታዲያ በዘለልኩት መንፈቅ ውስጥ አንድ ነገር አመለጠኝ። ክፍልፋይን ለክፍልፋይ ማካፈል። አዲሶቹ የክፍሌ ልጆች አንዱን ገልብጠው ያባዛሉ። እኔም አይቼ ገለበጥኩ። የሚገለበጠው ሁለተኛው መሆኑን ግን የነገረኝ ሰው የለም። ስለዚህ አንዳንዴ የመጀመሪያውን እገለብጣለሁ፣ አንዳንዴ ሁለተኛውን። ግማሽ ጊዜ ልክ እሆናለሁ። ግማሽ ጊዜ ልክ የሚሆን ልጅ ደግሞ «ጎበዝ ነው፣ ቸኩሎ ነው እንጂ» ይባላል። በዚህ ዓይነት 9ኛ ክፍል ደረስኩ። ያኔ ነው አንድ አስተማሪ ሰሌዳ ላይ አውጥተውኝ የተነቃብኝ። ዛሬ የሒሳብ አስተማሪ ነኝ። አትሳቁ።

ይህን ያልኩት ወላጆቼን ለመውቀስ አይደለም። አገር ቤት ደብል ሲመታ የተረፈው ዓመት በእውነት የልጁ ነው። አንድ ዓመት ቀድሞ 12ኛን ይጨርሳል፣ አንድ ዓመት ቀድሞ ዩኒቨርሲቲ ይገባል፣ አንድ ዓመት ቀድሞ ደመወዝ ይዞ ቤቱ ይመጣል። ለደሃ ቤት ይህ ትልቅ ነገር ነው። አባቴ የቆጠረው ይህን ነው፤ ሒሳቡም ልክ ነበር።

እዚህስ? በዪር 10 ሒሳብን ተፈትኖ ያለፈ ልጅ ሴፕቴምበር ላይ የት ይሄዳል? ዪር 11። ያው ዩኒፎርም፣ ያው ክፍል፣ ያው ጓደኞች። እንግሊዝኛው፣ ሳይንሱ፣ ታሪኩ ሁሉ አልተነካም። እንግሊዝ ውስጥ ልጅ 18 ዓመት እስኪሞላው ድረስ በትምህርት ወይም በሥልጠና ላይ መቆየት አለበት። ስለዚህ ዓመት አልተረፈም። የተረፈው በሳምንት ጥቂት የሒሳብ ክፍለ ጊዜ ነው። ዛሬ የምጠይቃችሁም ይህንኑ ብቻ ነው፦ ያቺ የተረፈች ጊዜ የት ትገባለች?

ለአዲስ መጪዎች ሥርዓቱን ባጭሩ ልናገር። ዪር 11 ሲባል 11ኛ ክፍል እንዳይመስላችሁ። በዕድሜ የኛ 10ኛ ክፍል ነው፣ ከ15 እስከ 16። ጂሲኤስኢ የሚባለው ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰጠው በ1988 ነው፣ የድሮውን ኦ ሌቭል ተክቶ። ከ2017 ጀምሮ ውጤቱ በፊደል መሆኑ ቀርቶ በቁጥር ሆነ፣ ትልቁ 9፣ ትንሹ 1። 4 ካላመጣህ እንግሊዝኛና ሒሳብን ከ16 ዓመትህ በኋላም እየተማርክ ትቀጥላለህ። ሒሳብ ሦስት ወረቀት አለው። እያንዳንዱ አንድ ሰዓት ተኩል፣ ከ80 የሚታረም። የመጀመሪያው ያለ ካልኩሌተር ነው። ደረጃውም ሁለት ነው። ዝቅተኛውን የሚፈተን ልጅ ምንም ቢሠራ ከ5 አያልፍም፤ 9 የሚገኘው በከፍተኛው ብቻ ነው። ቱሽን ቤት «እናስፈትነው» ሲላችሁ የመጀመሪያ ጥያቄያችሁ የትኛውን ደረጃ የሚል ይሁን።

አሁን ስለ አንድ ልጅ ላውራችሁ። ስሙን ተዉት። ጥቂት ዓመት አልፎታል። በዪር 10 ተፈተነ፣ 6 አመጣ። 6 በድሮው ቢ ማለት ነው። ለ15 ዓመት ልጅ ጥሩ ነው። ቤቱ ድግስ ሆነ። ትምህርት ቤቱም ሒሳብ ጨርሷል ብሎ ክፍለ ጊዜውን ለሌላ ትምህርት አደረገለት። አመክንዮ አለው። ልጁ ግን ከጁን ጀምሮ እስከ ዪር 12 ሴፕቴምበር ድረስ ሒሳብ አልነካም። ቁጠሩት፣ አሥራ አምስት ወር ነው። ከዚያ ኢንጂነር መሆን አማረው። ለኤ ሌቭል (ለዩኒቨርሲቲ የሚያበቃው የዪር 12 እና 13 ትምህርት) ሒሳብ የተመዘገበበት ቦታ ቢያንስ 7 ይላል። እሱ በእጁ ያለው 6 ነው። 7 ማምጣት የሚችል ልጅ እኮ ነበር። ይህን ስል እርግጠኛ ነኝ፣ አስተምሬዋለሁና።

ያ ልጅ ምን ጎደለው? ትምህርቱን አልጨረሰም እንዳልል ጨርሶታል። ቱሽን ቤቱ ምዕራፎቹን በሙሉ አስኬዶታል። የጎደለውን ለማሳየት አንድ የታወቀ ጥያቄ ላንሳ። በ2015 ኤዴክሴል በሚባለው የፈተና አዘጋጅ ቦርድ ፈተና ላይ የወጣ ነው። ልጆቹ ከፈተና እንደወጡ ትዊተር ላይ ሲጮሁ ነው ያመሹት፤ ጋዜጣ ሁሉ ጻፈው። ሐና የምትባል ልጅ ከረጢት ይዛለች። ከረጢቱ ውስጥ ብዛቱ ያልተነገረ ከረሜላ አለ። 6ቱ ብርቱካንማ ናቸው፣ የቀሩት ቢጫ። ሐና ሳታይ አንድ አውጥታ በላች። ደግሞ አንድ አውጥታ በላች። ሁለቱም ብርቱካንማ የመሆናቸው ዕድል አንድ ሦስተኛ ነው። ስለዚህ ይላል ጥያቄው፣ የከረሜላውን ብዛት በራሱ አባዝተህ፣ ብዛቱን ቀንሰህ፣ ደግሞ 90 ብትቀንስ ዜሮ እንደሚመጣ አሳይ።

ሰው ሁሉ የደነገጠው 90 ከየት መጣ ብሎ ነው። ከረሜላ ስትበላ የነበረች ልጅ ድንገት አልጀብራ ውስጥ ገባች። ቀስ ብላችሁ ብታዩት ግን ቀላል ነው። መጀመሪያ ብርቱካንማ የማውጣት ዕድሏ 6 ለጠቅላላው ብዛት ነው። አንዱን በልታለች፤ ስለዚህ ቀጥሎ ያለው 5 ነው፣ ከብዛቱም አንድ ጎድሏል። ሁለቱን አባዙ። ላዩ 30 ይሆናል፣ ታቹ ብዛቱ ከብዛቱ አንድ ሲቀነስ ጋር ተባዝቶ፣ ማለትም ብዛቱ በራሱ ተባዝቶ ብዛቱ ሲቀነስ ነው፤ ክፍልፋዩም ከአንድ ሦስተኛ ጋር እኩል ነው። ታቹ እንግዲህ የ30 ሦስት እጥፍ መሆን አለበት፣ 90። በቃ። ከረሜላው 10 ነው፣ 10 ጊዜ 9 ዘጠና። አሁን ልብ በሉ። እዚህ ውስጥ አዲስ ነገር አለ? ክፍልፋይ ማባዛት አለ፣ የዕድል ስሌት አለ፣ ትንሽ አልጀብራ አለ። የዪር 10 ልጅ ሦስቱንም ለየብቻ ያውቃቸዋል። ማንም «አሁን ሦስቱን አገናኝ» ሳይለው ማገናኘት ግን ሌላ ነገር ነው። ይህ በቱሽን ብዛት አይመጣም። እንደ ሊጥ ነው፣ አድሮ ነው የሚቦካው። ዪር 11 የሚባለው ክፍል በአብዛኛው የሚያገለግለው ለዚህ ነው። በ6 እና በ8 መካከል ያለው ልዩነትም እዚያው ነው።

አውቃለሁ፣ አሁን አንዳንዶቻችሁ በልባችሁ «ካልተሳካ ይደግማል፣ ምን ችግር አለው» እያላችሁ ነው። የዚህ ሐሳብ ሥር የት እንዳለም አውቃለሁ። እኛ ያደግነው ማትሪክ በሚባል አንድ በር ነው። ያቺን በር ያለፈ አለፈ፣ ያላለፈ ቀረ። ዛሬም አገር ቤት ያው ነው። የ2014 ዓ.ም ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ ሲሰጥ ከተፈታኞቹ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። የእህታችን ልጅ፣ የጎረቤታችን ልጅ እዚያ ውስጥ አለ። ስለዚህ እዚህ ሆነን «አንዱን እንኳ ቀደም ብሎ በእጁ ያስገባ» እንላለን። ቢገባኝም አልስማማበትም። ለመለማመጃ ትምህርት ቤቱ ሞክ የሚባል ፈተና በነጻ ይሰጣል። እውነተኛው ፈተና ላይ ልምምድ ያደረገ ልጅ ግን 4 ወይም 5 ይዞ ቤቱ ይገባል፣ በ15 ዓመቱ። አንዳንዱ ልጅ ይቆጭና ይነሣል። ብዙው ግን «በቃ እኔ የሒሳብ ልጅ አይደለሁም» ይላል። ይቺን ቃል ከልጅ አፍ ማውጣት ስንት ጊዜ እንደሚፈጅ ብነግራችሁ ቡናው ሁለተኛውን ይጨርሳል።

ደግሞ ትምህርት ቤቱ «አይሆንም» ሲላችሁ ልጃችንን ንቀውት ነው አትበሉ። ከ2013 ጀምሮ በትምህርት ቤቶች የውጤት ሠንጠረዥ ላይ የሚቆጠረው የልጁ የመጀመሪያ ሙከራ ነው። ልጁ በኋላ 9 ቢያመጣ 9ኙ የራሱ ነው፣ ትምህርት ቤቱ ግን አይጠቀምበትም። ስለዚህ ይጠነቀቃሉ። ጥንቃቄያቸው ለራሳቸው ነው፣ ሳይታሰብ ግን ልጆቻችንንም ጠቅሟል።

የልደት ቀን ነገርም አለ። ሰው ቸል ይለዋል። እዚህ የክፍል መቁረጫው ኦገስት 31 ነው። ኦገስት ላይ የተወለደ ልጅ ከክፍሉ ትንሹ ነው። እሱን አንድ ዓመት ቀድማችሁ ብታስፈትኑት ሴፕቴምበር ላይ ከተወለደ የዪር 11 ልጅ ጋር ሲወዳደር የሁለት ዓመት ልዩነት አለ ማለት ነው። በዚህ ዕድሜ ሁለት ዓመት የትየለሌ ነው። በእርግጥ በኛ ቤት የልደት ቀን ራሱ ሌላ ታሪክ ነው። በስደት ወረቀት ላይ ጃንዋሪ 1 የተወለድን ስንት ነን? (ሳቅ) ወረቀቱ የሚለውን ሳይሆን እናት የምታውቀውን ቁጠሩ።

እንግዲህ ቀድሞ መፈተንን ፈጽሞ የምቃወም እንዳይመስላችሁ ሁለት ነገር ልጨምር።

አንደኛው ቋንቋ ነው። እዚህ ካለነው ብዙዎቻችን በካርቱም ወይም በጅዳ በኩል ነው የመጣነው። አንዲት ተማሪዬ እስከ 10 ዓመቷ ጅዳ ነው ያደገችው። ዐረብኛዋ ውኃ ነው። ለንደን ከመጣች በኋላ ግን የምታወራው ሰው የለም፤ እናቷ የምታናግራት በአማርኛ ነው። በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ ይረግፍባታል። እሷን በዪር 10 ዐረብኛ አስፈተንናት። ማዳመጥ፣ መናገር፣ ማንበብ፣ መጻፍ፣ አራቱም እኩል ነጥብ አላቸው። የከበዳት መጻፉ ብቻ ነበር፤ ለሦስት ወር እሱን ብቻ ሠራች። ለዚች ልጅ ኪሳራው መቆየቱ ነበር። በተረፋት ጊዜ ደግሞ የደከመችበትን ኬሚስትሪ አጠናች። ጊዜው ባለቤት ነበረው። በነገራችን ላይ ዐረብኛ፣ ቱርክኛ፣ ፖላንድኛ፣ ኡርዱ ሁሉ ጂሲኤስኢ አላቸው። አማርኛ የለውም። ይህ የሌላ ቀን ንግግር ነው፣ ግን ባነሣሁት ቁጥር ይቆጨኛል።

ሁለተኛው ኤ ሌቭል ላይ ነው። ፈርዘር ማትስ የሚባለውን ተጨማሪ ሒሳብ በሚያስተምሩ አንዳንድ ትምህርት ቤቶች ልጆቹ ሙሉውን የኤ ሌቭል ሒሳብ በዪር 12 ጨርሰው ይፈተናሉ። በዪር 13 ፈርዘሩን ይወስዳሉ። እዚያም አንድ ዓመት ቀድሞ ነው የሚፈተኑት። ሆኖም ሒሳብ አያቆሙም፣ ከፍ ወዳለው ይሸጋገራሉ። ቱሽን ቤቱ ያልነገራችሁ ልዩነት ይህ ነው። ለዪር 11ም ተመሳሳይ ነገር አለ። ኤኪውኤ የሚባለው ቦርድ የሚሰጠው ሌቭል 2 ፈርዘር ማትስ አለ። ጂሲኤስኢ የቀለለው ልጅ ከመሸሽ ይልቅ ሁለቱን ጎን ለጎን ሊወስድ ይችላል። ትምህርት ቤታችሁ ይሰጥ እንደሆነ ጠይቁ። ብዙ ወላጅ መኖሩንም አያውቅም።

ልጁ ይችላል ወይስ አይችልም የሚለውን እንዴት እናውቃለን ትሉኛላችሁ። እኔን አትጠይቁ፣ ቱሽን ቤቱንም አትጠይቁ፤ እሱ የሚሸጠው ነገር አለው። የወጥ ቤቱን ጠረጴዛ ጥረጉ። ልጁ ያላየውን ያለፈ ዓመት ፈተና አትሙ፣ ሦስቱንም ወረቀት። በሦስት የተለያየ ቀን፣ አንድ ሰዓት ተኩል፣ ስልኩ ሌላ ክፍል። እርዳታ የለም፣ «እስቲ ደግመህ አንብበው» ማለትም የለም። ማረሚያው ከነነጥብ አሰጣጡ ቦርዶቹ ድረ ገጽ ላይ አለ። ስንት ነጥብ ስንት ውጤት እንደሚሆንም በየዓመቱ ያወጣሉ። 8 እና 9 ላይ ተመላልሶ ካረፈ እንነጋገር። 6 ላይ ካረፈ፣ ዘንድሮ ብታስፈትኑት የምትገዙት ያንኑ 6 ነው። ትርፉ ምኑ ላይ ነው?

ከተነሡት ጥያቄዎች ሦስቱን ላስገባ።

አንድ አባት «ልጁ ራሱ ልፈተን ካለስ?» አሉ። ለምን እንደሆነ ጠይቁት አልኳቸው። «ቀለለኝ፣ ሰለቸኝ» ካለ አንድ ነገር ነው። አንዲት ልጅ ግን «ልገላገለው» አለችኝ። ቃል በቃል። ይህ ሩጫ እንጂ ጉብዝና አይደለም። እሷን አላስፈተንናትም፣ ለስድስት ወር አኩርፋኛለች።

አንዲት እናት ሕክምና ለሚያስብ ልጅ ቀድሞ መጨረስ አይጠቅምም ወይ ብለው ጠየቁ። ብዙዎቹ የሕክምና ትምህርት ቤቶች 18 ዓመት የሞላው ይፈልጋሉ። ቀድሞ የጨረሰ ልጅ በር ላይ ቆሞ ይጠብቃል። አንዳንዶቹ ደግሞ ውጤቱ በመጀመሪያው ሙከራ የተገኘ እንዲሆን ይጠይቃሉ። «ካልተሳካ ይደግማል» ያልነውን አስታውሱ። የምታስቡትን ዩኒቨርሲቲ ድረ ገጽ ዛሬ ማታ ክፈቱና አንብቡ።

ሌላው ስለ ዋጋው ጠየቀ። በግል ተፈታኝነት ለአንድ ትምህርት ብዙ ቦታ ከ100 ፓውንድ በላይ ነው። የምዝገባው ቀነ ገደብ ብዙውን ጊዜ ፌብሩዋሪ 21 ነው፣ ከዚያ በኋላ ቅጣት ይጨመራል። ሰሞኑን ደብዳቤ የበዛው ለዚህ ነው።

ማታ የደወሉልኝ እናትስ ምን ሆኑ አላችሁኝ። ሦስቱን ወረቀት አሠሩት። መጀመሪያው 58 መጣ፣ ሁለተኛው 49፣ ሦስተኛው 43። በሦስተኛው ላይ የመጨረሻዎቹ አራት ጥያቄዎች ባዶ ናቸው። ለቱሽን ቤቱ «ዘንድሮ ይቅር» ብለው መለሱ። ልጁ ደስ አላለውም፣ ለጓደኞቹ አውርቶ ነበር መሰለኝ። ባለፈው ቅዳሜ ባዶዎቹን አራት ጥያቄዎች ይዞ እኔ ቤት መጣና አብረን ተቀመጥን። አንዱ የአልጀብራ ክፍልፋይ ለክፍልፋይ ማካፈል ነው። እርሳሱን አነሣ፣ ትንሽ አሰበ፣ በልበ ሙሉነት የመጀመሪያውን ገለበጠ።

ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። ምን እንዳሳቀኝ አልገባውም፤ ቀና ብሎ አየኝና ላጲሱን ፍለጋ ቦርሳውን ከፈተ።